መጣሁ፣ ጠየቅሁ፣ አጣሁ

ልጅ ሳለሁ ቃል ቸግሮኝ አያውቅም፤ የቸገረኝ ቃልን ከቃል ማጋጠሙ ነበር። ውሃውን አውቀዋለሁ፣ እንስራውን አውቀዋለሁ፣ «ውሃ ልቀዳ ሄድኩ» ልል ስነሳ ግን ሁሉም ተደበላልቆ ይወጣል። ጆሮዬ ደህና፣ አእምሮዬም ደህና! እናቴ «ድገሚ! አስተካክለሽ በይ!» እያለች ታስጨንቀኛለች፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ አፍራ ጓዳ ትሰደኛለች። ሞላሌ ትምህርት ቤት አንደኛ ክፍል ስገባ ርዕሰ መምህሩ ሁለት ወር እንኳ አልታገሡኝም። «ይህቺ ልጅ ነገር አይገባትም፤ ቤት ትዋልላችሁ» ብለው መለሱኝ። ዛሬም ሳስበው ደሜ ይፈላል።

ያኔ የእናቴ አጎት አባባ ተክሌ ከእኛው ጋር ይኖሩ ነበር። ባና የሚባለውን የበግ ጸጉር ብርድ ልብስ የሚሠሩ ሸማኔ ናቸው፤ ቁጣቸው ቅርብ ነው። ሲመሽ የኩበቱ ጭስ ዓይናችንን እየለበለበ፣ ኩራዙ እየተርገበገበ፣ እኛ ልጆች ፍሙን ከበን ለባናው የሚሆነውን የበግ ጸጉር በጣታችን ስናፍታታ፣ እሳቸው ተረት ያወሩልናል። የሁሉም ዓይን ጸጉሩ ላይ ስለሆነ አፌን የሚያይ የለም። ለእኔ እሱ ብቻውን እረፍት ነበር።

ተረቱ የክፉ ቀን ተረት ነው። ጦጣ ጎተራዋን ሞልታ ተቀምጣለች፤ አውሬው ሁሉ ገብስ ሊለምን በተራ ደጇ ይመጣል። «ቀበሮ መጣች፣ ጠየቀች፣ አጣች፣ ሄደች። ጅብ መጣ፣ ጠየቀ፣ አጣ፣ ሄደ። ጃርቶች መጡ፣ ጠየቁ፣ አጡ፣ ሄዱ።» በየምሽቱ አውሬው ይለወጣል እንጂ አካሄዱ ያው ነው። አባባ ይጀምሩልናል፣ እኛ እንጨርሳለን። ሳበላሸው አንድም ቀን «ተሳሳትሽ» ብለውኝ አያውቁም፤ «አዎን፣ ጅብ አጣ፣ ሄደ!» ብለው አቃንተው ይቀጥላሉ። ወንድሜ ሲስቅብኝ ግን «አንተ! ሳቅህን ለሠርግህ አቆይ፤ እንዳትጨርሰው!» ብለው ይጮኹበታል። እናቴ «ልጅቷን በተረት ያጃጅሏታል» ትል ነበር። ኧረ ወዲያ! መማሬን እንኳ ሳላውቅ፣ ክረምቱ ሲወጣ አፌ መንገዱን ለምዶት ነበር።

መስከረም ላይ አባባ እጄን ይዘው ትምህርት ቤት ወሰዱኝ። ርዕሰ መምህሩ በሩ ላይ ቆመው «ነግሬያችሁ አልነበረም ወይ?» አሉ። አባባ ሊመልሱ ሲሉ እኔ ቀደምኳቸው።

«መጣሁ» አልኩ። «ጠየቅሁ። አጣሁ።»

በተረቱ ከዚህ ቀጥሎ ሁሉም ይሄዳል።

«አልሄድም!» አልኩ።

ርዕሰ መምህሩ አባባን አዩ፤ አባባ ግን መሬት መሬቱን እያዩ ይስቁ ነበር። በዚያው ቀን ተመዘገብኩ።

አሁን እዚያው ሞላሌ አስተማሪ ነኝ። ስቸኩል፣ ስናደድ፣ ዛሬም ቃሌ ይፋለስብኛል፤ የሚስቅ ይሳቅ! እንደ እኔ የቸገራቸው ልጆች ሲመጡ «ድገሙ» አልላቸውም፤ የበግ ጸጉር እጃቸው ላይ አኖርና ጦጣዬን እጀምራለሁ። በቀደም አንድ አባት ልጁን ሊወስድ መጥቶ «እትዬ፣ ይሄ ልጅ እኮ አይገባውም፤ ከበጎቹ ጋር ይዋልልኝ» አለኝ። «ተቀመጥ!» አልኩትና ለእሱም ጸጉር ሰጠሁት። ግራ ገብቶት ከልጁ ጎን ተቀምጦ ማፍታታት ጀመረ።

አባባ ካረፉ ቆይተዋል። ድምፃቸው አብሮኝ አለ፤ የተረታቸውን መጨረሻ ግን ለውጬዋለሁ፣ ይቅር ይበሉኝ። እኔ ስተርት ቀበሮ መጣች፣ ጠየቀች፣ አጣች፣ ደጁ ላይ ተቀመጠች። እስኪከፈትላት።