የአምባላዩ ጭራ እና ያላለቀው ኮንቸርቶዬ

ባለፈው ቅዳሜ እዚሁ መቱ፣ የጎረቤቴ የጋሼ ተሬሳ ልጅ ሰርግ ላይ ማሲንቆ ስጫወት... አባትየው መጥተው ፊቴ ቆሙ። ዓይናቸው ማሲንቆዬ ላይ ተተክሏል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ለማሲንቆ ኮንቸርቶ እየጻፍኩ ነው፤ ማሲንቆው ፊት ወጥቶ ሌላው መሣሪያ ሁሉ የሚያጅብበት፣ ባለ ሦስት ክፍል ረጅም ቅንብር። የመጀመሪያዬ ስለሆነ አብጃለሁ። የማሲንቆ ክሩም የደጋኑም ክር የፈረስ ጭራ ነው፤ ጠዋት ማታ ሲገዘገዝ ይበጣጠሳል። የጋሼ ተሬሳ አምባላይ ፈረስ ደግሞ አጥሬ ሥር ይታሰራል...

«ነገ እነግራቸዋለሁ» እያልኩ ትንሽ ትንሽ ቆረጥኩ። ሁለተኛው ክፍል ሲያልቅ ያ ነጭ ጭራ ያረጀ መጥረጊያ መሰለ። ከሙሽራዋ አጀብ ፊት የሚሄደው ደግሞ እሱ ፈረስ ነበር።

ጋሼ ሲያዩት እኔን አልጠረጠሩም። «ይሄ የጋዲሳ ሥራ ነው፤ በጭራው ሊያስደግምብኝ ነው» አሉ። ጋዲሳ ዳሪሙ የሚኖሩ፣ በመሬት የተኳረፉ ታናሽ ወንድማቸው ናቸው። በሰርጉ ሊታረቁ ነበር፤ ጥሪው ቀረ። ልናገር ብዬ ደጃቸው እየሄድኩ «እንዴት አደሩ ጋሼ» ብዬ እመለሳለሁ።

እና ቅዳሜ... የጓደኞቼ ማሲንቆ ሁሉ ጥቁር ጸጉር ነው። የኔ ብቻ ነጭ።

«ያ ጉርባ፣ አንተ ልጅ» አሉኝ ቀስ ብለው፣ «ጭራውስ ሰርጉ ላይ ተገኝቷል። የቀረው ወንድሜ ነው።»

«ጋሼ፣ ይቅርታ...»

«ብትጠይቀኝ እኔው ቆርጬ እሰጥህ ነበር። አሁን ተጫወት፣ እንግዳ እያየን ነው። ነገ ፈረሱን ጭነህ ዳሪሙ ትሄዳለህ። የሠራኸውን በራስህ አፍ ነግረህ ጋዲሳን ለመልሱ ይዘህልኝ ትመጣለህ።»

ሄድኩ። ለካ ጭራ የሌለው ፈረስ ዝንብ ማባረር አይችልም። ገና ከከተማ ሳንወጣ ወረሩት፤ ቆዳውን እያንቀጠቀጠ ዞሮ ያየኛል። አንጀቴን በላው። ወረድኩና ቅጠል ቆርጬ ከጎኑ በእግሬ ሄድኩ።

ጋሼ ጋዲሳ እስኪበቃቸው ሰደቡኝ፤ ከዚያ ጋቢያቸውን አንስተው ተከተሉኝ።

«ሦስተኛው ክፍል መቼ ያልቃል?» ለምትሉኝ... ጭራው ሲያድግ፣ ያውም አስፈቅጄ። እስከዚያ ዝንቡን የማባርርለት እኔ ነኝ።