መብራቱ እንዳይጠፋ

ቀየት ወደምትባል ትንሽ ከተማ ለአስተማሪነት ተመድቤ ስሄድ የተከራየሁት ክፍል ከአከራዮቼ አሮጌ ቤት ጋር ግድግዳ ለግድግዳ የተጣበቀ ነበር። የእኔ ክፍል ጣሪያው ቆርቆሮ ነው። የእነሱ ግን ወፍራም የድንጋይ ግድግዳ ያለው፣ ከጓሳ በመጣ ሣር የተከደነ የድሮ ቤት ነው። መብራት ወደ ከተማዋ ሲገባ ለሣር ቤት አይፈቀድም ስለተባለ ቆጣሪው የእኔ በር ላይ ተሰቀለ። ከዚያ አንድ ቀጭን ሽቦ በክፍሌ ሶኬት በኩል አልፎ በግድግዳው ቀዳዳ ሾልኮ፣ ከሣሩ ሥር በወራጁ እንጨት ላይ እየተንጠለጠለ ወደ አሮጌው ቤት ይገባል።

አከራዮቼ አንድ አዛውንትና ባለቤታቸው ነበሩ። አዛውንቱ ደረታቸውን ያማቸዋል። የኩበት ጭስ ትንፋሽ ያሳጣቸዋል፤ የመንዝ ብርድ ደግሞ ከጭሱም ይብስባቸዋል። ስለዚህ አማቻቸው፣ ወፍጮ ቤት የሚሠራ ጎልማሳ፣ ከደብረ ብርሃን የኮረንቲ ምድጃ ገዝቶ አመጣላቸው።

ምድጃው ቀልቶ ጥቂት እንደቆየ ቆጣሪው ላይ ያለው ፊውዝ ይቃጠላል። ቤቱ ይጨልማል፤ አዛውንቱ ማሳል ይጀምራሉ። አማቹ ይመጣና ይቀይራል፤ እንደገና ይቃጠላል። በሰኔ መጨረሻ ግን ከወፍጮ ቤት ወፍራም ሽቦ ይዞ መጣና በፊውዙ ቀጭን ሽቦ ፈንታ አስገብቶ አጠበቀው።

«በቃ፤ ከእንግዲህ ብርድ አይመታቸውም» አለኝ።

«ፊውዙ እኮ የሚቃጠለው መስመሩ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ነው» አልኩት። «እሱ አልቃጠልም ካለ ሌላ ነገር ይቃጠላል። ቤቱ ደግሞ ሣር ነው።»

«መምህር፣ ትናንት ብታያቸው ኖሮ እንዲህ አትልም። ከንፈራቸው ጠቁሮ ነው ያገኘኋቸው። ለክረምቱ ብቻ ነው። ለመስከረም መስመሩን በሙሉ እቀይረዋለሁ።»

ከዚያ በኋላ መብራቱ አልጠፋም። ምድጃው ጠዋት ይለኮሳል፣ ቀኑን ሙሉ ቀልቶ ይውላል። አዛውንቱ ፊታቸው ወዛ፤ ዳዊታቸውንም ድምፅ አውጥተው መድገም ጀመሩ። እኔ ግን ክፍሌ ስገባ አንድ ሽታ ይቀበለኝ ጀመር፤ ቀንድ እሳት ላይ የወደቀ የሚመስል። በሩን ከፍቼ ምንጩን ስፈልግ ይጠፋል፤ ስቀመጥ ይመለሳል። የሶኬቱ ጠርዝ ጠየመ። ሽቦው የሚያልፍበትን ግድግዳ ስዳስሰው ሞቀኝ። ውጭ ዝናብና ጉም፣ ድንጋዩ ግን የሰው ገላ ይመስል ነበር።

ለባለቤታቸው ብነግራቸው እሳቸውም መዳፋቸውን አሳረፉበት። «ተመስገን» አሉ፤ «ግድግዳው ሳይቀር ሞቀልን።»

አዛውንቱ ግን አልጋቸው ላይ ሆነው ወደ ላይ ያያሉ። «ልጄ» አሉኝ አንድ ቀን፣ «ሣሩ ውስጥ አንድ ነገር ይንሾካሾካል።»

«አይጥ ነው» አሉ ባለቤታቸው።

ጆሮዬን ሰጠሁ። ቅቤ ሲንጨረጨር የሚሰማ ዓይነት ድምፅ ነበር፤ ምድጃው ሲነቀል ዝም አለ። አማቹን ጠርቼ አሰማሁት። መሰላል ላይ ወጥቶ ሽቦውን ሲነካው ላስቲኩ እንደ ሰም ቀልጦ ጣቱ ላይ ተጣበቀ። ሲወርድ ፊቱ ተለዋውጦ ነበር። «ቅዳሜ ሽቦ አመጣለሁ» አለ። እስከዚያ ምድጃውን እንዳይለኩሱ ተማጸናቸው።

ሐሙስ ጠዋት ብርዱ ጠናና ለኮሱት።

ወደ ትምህርት ቤት ልወጣ ስል የባለቤታቸው ጩኸት ተሰማኝ። «መምህር! ድረስልኝ! ሣሩ ይጤሳል!» ጭሱ ከጣሪያው ሁሉ ቀስ ብሎ እንደ ላብ ይወጣ ነበር። ቀዬው በጉም ስለተሸፈነ ጎረቤት አላየውም። ሮጠን ገባን። አዛውንቱን ከነጋቢያቸው ተሸክመን ደጅ ስናወጣቸው ነበልባሉ ወራጁን ይልሰው ጀመር። አምፖሉ በዚያ ሁሉ ጭስ መሐል ቦግ ብሎ እንደበራ ነው።

አማቹ ከወፍጮ ቤት እየሮጠ መጣ። «ቁም!» ብለው አልሰማኝም። ሽቦውን ከጣሪያው ቦጭቆ ሊጥለው ገብቶ በባዶ እጁ ያዘው፤ መልቀቅ ግን አልቻለም። በበሩ አየዋለሁ፤ ጥርሱን ነክሶ ይንቀጠቀጣል፣ ድምፅ የለውም። የአዛውንቱን ዱላ አንስቼ ወደ ቆጣሪው ሮጥኩና ፊውዙን እስኪሰበር ደበደብኩት። አምፖሉ ሲጠፋ እሱም ወደቀ። ከደረሱ ጎረቤቶች ጋር በእግሩ ጎትተን አወጣነው። ወዲያው ጣሪያው ተደረመሰ፤ ከቤቱ የተረፈው የጠቆረ የድንጋይ ግድግዳ ብቻ ነበር።

አማቹ ተረፈ። የቀኝ እጁ ጣቶች ግን እንደተጨበጡ ቀሩ። አዛውንቱ ልጃቸው ቤት ተኝተው ፍልሰታ ሳይፈታ አረፉ። ልቅሶው ላይ አማቹ አማቱ እግር ሥር ተንበርክኮ «ሽቦውን ያስገባሁት እኔ ነኝ» ሲል ሰማሁት።

ቀና አደረጉት። «ምድጃውን የለኮስኩትስ እኔ አይደለሁም?» አሉት። «ዝም በል። የሞቃቸውም በአንተ ነው።»

ከአርባው በኋላ አማቹና እኔ ቤት ለቤት መዞር ጀመርን። እሱ በግራ እጁ ያሳየኛል፣ እኔ ፊውዙን እከፍታለሁ። በብዙው ቤት በፊውዙ ፈንታ ወፍራም ሽቦ፣ በአንዳንዱም ምስማር ተሰክቶ አገኘን። እንድናወጣው የፈቀዱልን ግን ሁሉም አይደሉም።