ፋይሉ ላይ ያልደረሱት ሰዓታት

በክሊኒኩ ውስጥ «ቆጥቋጣዋ» የሚሏት ፕሮግራመር ወረቀት በሁለቱም ገጽ ካልጻፈችበት አትጥልም። ኮምፒውተር ላይም ያው ናት። የክትባት ማቀዝቀዣዎቹን ሙቀት የሚመዘግበውን ፕሮግራም የሠራችው እሷ ናት፤ ትናንት ጠዋት «ዲስኩ በከንቱ ይሞላል» ብላ፣ በየሴኮንዱ ይለካ የነበረውን በየአምስት ደቂቃው እንዲለካ አደረገችው። ማንንም አላማከረችም። ለቁጠባ ደግሞ ምን ምክር ያስፈልጋል?

ዛሬ የክትባት አያያዝ የምትመረምር ተቆጣጣሪ ከጤና ቢሮ መጣች። የሙቀት መዝገቡ ፋይል ሲከፈት ከትናንት ጠዋት ወዲህ አንድም መስመር የለበትም።

«መዝገብ የሌለው ክትባት ለልጅ አይሰጥም። ሁሉም ይወገዳል» አለች ተቆጣጣሪዋ።

የስድስት ማቀዝቀዣ ክትባት! ውጭ እናቶች ልጆቻቸውን ታቅፈው ተሰልፈዋል። የመጋዘኑ ኃላፊ፣ ጡረታ ለመውጣት ሁለት ወር የቀራቸው አዛውንት፣ ላብ አጠመቃቸው። እሳቸው ሬዲዮም ይበላሽ ማራገቢያ፣ መፍትሔው አጥፍቶ ማብራት ነው ባይ ናቸው። እጃቸውን ወደ ኮምፒውተሩ ማጥፊያ ሰደዱ።

«ጋሼ፣ እንዳይነኩት!» አለች ቆጥቋጣዋ።

«ምነው ልጄ? ደርቆ ቀርቷል እኮ!»

«አልደረቀም። ስክሪኑን ይዩት፣ ቁጥሩ ይለዋወጣል። መለካቱንስ ይለካል፤ ፋይሉ ላይ አይደርስም እንጂ።»

ነገሩ የገባት ይህን ከአፏ ስታወጣ ነው። ፊቷ ቀላ። በፕሮግራሙ ውስጥ ለእያንዳንዱ ማቀዝቀዣ አንድ አንድ፣ ትሬድ የሚባሉ ስድስት የሥራ መስመሮች ጎን ለጎን ይሠራሉ። እያንዳንዱ የለካውን ጊዜያዊ ማስታወሻ በሆነው ሚሞሪ ውስጥ ያጠራቅምና ማጠራቀሚያው ሲሞላ ብቻ ፋይሉ ላይ ይገለብጣል። በየሴኮንዱ ሲለካ በደቂቃዎች ይሞላ ነበር፤ አሁን ግን ቀናት ይፈጃል። ኮምፒውተሩ ቢጠፋ ኖሮ የትናንቱ ሁሉ ድራሹ ይጠፋ ነበር።

«ጥፋቱ የእኔ ነው» አለች ተቆጣጣሪዋን። «ትንሽ ይታገሱኝ።»

ፕሮግራሙ በወጉ እንዲቆም፣ ሁሉም የያዘውን ጽፎ እንዲወጣ አዘዘችው። አንዱ ጻፈ፣ ሌላው ቀጠለ፣ አምስቱ ጨረሱ። ስድስተኛው ዘገየ። አዛውንቱ ወደ ስክሪኑ ተጠጉ። ከዚያ እሱም ያለውን ዘረገፈው።

ተቆጣጣሪዋ መስመር በመስመር አነበበች። አራት ዲግሪ፣ አምስት፣ አራት። አንድም ቦታ ከልክ አላለፈም።

«ክትባቱ ደህና ነው» ብላ ፈረመች።

አዛውንቱ ካርቶን ላይ ዘጭ ብለው ተቀመጡ። «አንቺ ልጅ፣ በቁጠባሽ ልትጨርሽኝ ነበር!» አሉ፣ እየሳቁም እየተቆጡም። ቆጥቋጣዋ እያንዳንዱ ልኬት ወዲያው ፋይሉ ላይ እንዲጻፍ አስተካክላ ፕሮግራሙን እንደገና አስነሣችው።

ትንሽ ቆይቶ ከመርፌው ክፍል አንድ ሕፃን አምርሮ ሲያለቅስ ተሰማ። ቆጥቋጣዋ በሕይወቷ እንዲህ ደስ ያሰኛት ልቅሶ ሰምታ አታውቅም።