ከመታጠፊያው እስከ በሩ

ሰፈሩ «ደቂቃው» ይለዋል። ሰዓት ሠሪ ነው፤ ሦስት ደቂቃ የዘገየበትን ሰው ሦስት ሳምንት ያኮርፋል። በሃምሳ ስድስት ዓመቱ በየማለዳው ከደጃፉ ተነስቶ እስከ ውሃ ታንከሩ ይሮጥና ይመለሳል። ስምንት ዓመት ሙሉ በሩ ላይ ቆማ የሩጫ ሰዓቱን የምትይዝለት ሚስቱ ነበረች፤ ደቂቃውን ደብተር ላይ የምታሰፍረውም እሷው። አምና ታማ ሞተች። የመጨረሻው ጽሕፈቷ «ሃያ አራት ደቂቃ። ጎበዝ» ይላል።

ከዚያ ወዲህ ሰዓቱን ራሱ ጨብጦ ይሮጣል፤ በሩን ሲነካ ይጫነዋል። ሃያ አራት ግን አልመለስ አለ። ሃያ አምስት፣ ሃያ አራት ከሃምሳ፣ ደግሞ ሃያ አምስት። እልህ ያዘው። እሷ የጻፈችው ቁጥር ላይ አንዴ እንኳ ካልደረሰ፣ እሷ የምታውቀው ሰውዬ አብሯት የተቀበረ መሰለው። ጫማ ቀየረ፣ እራት ቀነሰ፤ ወይ ፍንክች።

ሌላ ሰው ቢሆን እግሩን ይጠረጥር ነበር። እሱ፣ ሙያው አይደል፣ ሰዓቱን ጠረጠረ። ሦስት ጊዜ ፈታው፤ ጠረገው፣ ዘይት አስነካው፣ ከግድግዳው ሰዓት ጋር አስተያየው። ምንም አልተገኘበትም። ለአራተኛ ጊዜ በትኖት ማጉያውን ዓይኑ ላይ ሰክቶ ሳለ፣ እዚያው ግቢ የምትኖረው የሚስቱ ታናሽ እህት ባትሪ ልታስቀይር ወደ ሱቁ ገባች። ፋርማሲ ውስጥ ነው የምትሠራው፤ አንድ ክኒን ከሚጎድልባት አንድ ጥርሷ ቢጎድል ይሻላታል። ምን ሆኖ እንደፈታው ጠየቀችው፤ ነገራት።

«ጋሼ፣ እትዬ እኮ በሩ ድረስ ጠብቃህ አታውቅም» አለችው። «ከዳገቱ ሥር፣ ከመታጠፊያው ብቅ ስትል ነው የምትጫነው። ትክክል አይደለም ስላት፣ ‹መጣ እኮ፣ ከዚህ በላይ ምን እጠብቃለሁ?› ትለኝ ነበር።»

መጀመሪያ ደሙ ፈላ። የስምንት ዓመት መዝገብ፣ ያውም የሰዓት ሠሪ ቤት መዝገብ! ማታ ግን ደብተሩን ሲያገላብጥ ሆዱ ባባ።

በማግስቱ መታጠፊያው ላይ ሲደርስ፣ መልሶ የገጠመውን ሰዓት ተጫነው። ሃያ ሦስት ከሃምሳ። በልጧል። ፈገግ እንዳለ፣ በለመደ ዓይኑ ዳገቱን ሽቅብ ወደ በሩ አየ። በሩ ላይ ማንም የለም። የቀረችውን ዳገት ሮጦ መጨረስ አቃተው፤ በእግሩ እያዘገመ ወጣ። ናፈቀችው።

የሚስቱ እህት ወደ ሥራ ልትሄድ ከግቢው ስትወጣ አገኘችው። ፊቱን አይታ አንጀቷን በላት።

«ከነገ ጀምሮ እኔ ልያዝልህ፣ ጋሼ?»

«ተይው» አላት። «አንቺ በሩ ድረስ ትጠብቂያለሽ።»