የማያገባኝ ድንበር

በሃምሳ ዓመቴ ለማስተርስ ስመዘገብ ለራሴ አንድ ቃል ገባሁ፤ ሰው የሚጠብቅብኝን አልጽፍም። ሃያ ሁለት ዓመት ለንደን ውስጥ አውቶቡስ ነድቻለሁ። መንገዱ ተመርጦ፣ ፌርማታው ተቆጥሮ፣ ደቂቃው ተለክቶ ነው የሚሰጠን። ደስ ያለኝ ጋ ልታጠፍ ብል በማግስቱ ሥራ የለኝም። ትምህርቱን የፈለግኩት ለሹመት አይደለም፤ ሹመትማ በዚህ ዕድሜ ምን ያደርግልኛል። አንድ ጊዜ እንኳ ራሴ በመረጥኩት መንገድ መሄድ አምሮኝ ነው።

ትምህርቱ ዓለም አቀፍ ግንኙነት ነበር። በመጀመሪያው ተርም ከተሰጡን ንባቦች አንዱ ስለ ኡዝቤኪስታንና ስለ ኪርጊዝስታን የሚያወራ ነበር። እነዚህ ሁለት የመካከለኛው እስያ አገሮች በሶቪየት ዘመን አንድ ጣራ ሥር ስለነበሩ በመካከላቸው ያለውን መስመር ብዙ ሰው ልብ አይለውም ነበር። ጣራው ሲፈርስ መስመሩ ድንበር ሆነ፤ ለዓመታትም ተዘጋ። ማዶ የተዳረች እህቱን ለመጠየቅ ቀኑን ሙሉ የሚዞር ሰው ነበር። በአንድ ግድብ ውሃም ተካሰሱ። ከዚያ በኋላ ቁጭ ብለው ካርታ ዘረጉ፣ መሬት ተለዋወጡ፣ ውሃውን አብረን እናስተዳድር ተባባሉ፣ ስትራቴጂያዊ አጋሮች ነን ብለውም ፈረሙ። ስምምነቱን የተቃወሙ ሰዎችም ታሰሩ።

ያን ወረቀት አንብቤ ስጨርስ አንድ ጥያቄ አልለቅ አለኝ። እኛ ዘንድ ሁለት ጎረቤታሞች ቢኳረፉ ሽማግሌ ይገባል። ሽማግሌ ሳይገባ ቀድሞ በር ያንኳኳ ሰው፣ እንደ ተሸናፊ ይቆጠራል። እነዚህ ግን ብዙውን ነገር የጨረሱት ሁለቱ ብቻ ተቀምጠው ነው። ታዲያ ማን ቀድሞ አንኳኳ? ያንኳኳውስ ወገን አገሩ ተመልሶ ሲገባ ለሕዝቡ ምን አለ? መመረቂያዬን በዚህ ላይ ለመጻፍ ወሰንኩ።

መጀመሪያ የሳቀብኝ ባለቤቴ ነው። ሰሜን ለንደን፣ ኤድመንተን ያለው ቤታችን ኩሽና ውስጥ ቆሞ፣ "ኡዝቤኪስታን ምን አለሽ? አክስት አለሽ?" አለኝ። "አፕላይ ያደረግሽው ለዲግሪ ነው ወይስ ለቪዛ?"

"ለማያገባኝ ነገር ነው አፕላይ ያደረግኩት" አልኩት።

"የራስሽን ዓባይ ትተሽ የሰው ግድብ! እሺ፣ ይሁንልሽ" ብሎ ሻዩን ይዞ ሄደ። የባለቤቴ ነገር እንዲህ ነው፤ ይስቃል እንጂ መንገድ አይዘጋም።

መንገድ የዘጉት አማካሪዬ ናቸው። እሳቸው በዕድሜ ከኔ አሥር ዓመት ያንሳሉ፤ ትሁት፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ እንግሊዛዊ ናቸው። ርዕሴን አንብበው ፈገግ አሉና፣ "በጣም ደስ ይላል፤ ግን ለምን ስለ ዓባይ አይጽፉም? እርስዎ እኮ ጉዳዩን ኖረውበታል" አሉኝ።

ኖሬበታለሁ? ከአዲስ አበባ የወጣሁት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነው። ዓባይን በዓይኔ አይቼው አላውቅም። ግድቡን ያየሁት በቴሌቪዥን ነው፤ የኡዝቤኮችንም ግድብ ያየሁት በዚያው ቴሌቪዥን ነው። ይህንኑ ነገርኳቸው። ሳቁ፤ ቀልድ መስሏቸዋል። ከዚያ፣ ርዕሱን ካልቀየርኩ አንድ ምዕራፍ ብቻ ኢትዮጵያን ከጎረቤቶቿ ጋር የሚያነጻጽር እንድጨምርበት ሐሳብ አመጡ፤ ይህም ሥራውን "የእርስዎ" ያደርገዋል አሉ።

"ሥራው አሁንም የኔ ነው" አልኳቸው።

ተናድጄ ነበር፤ አልደብቅም። ክፍላችን ውስጥ ከነበርነው ተማሪዎች እንግሊዞቹ የፈለጉትን ያነሱ ነበር፤ አንዷ ስለ ጃፓን፣ አንዱ ስለ ቺሊ። ማንም፣ "የሰፈርሽን ጉዳይ ብትጽፊ ይሻላል" አላላቸውም። ዓለም ሁሉ የነሱ ርዕስ ናት፤ እኔ ስመጣ የኔ ርዕስ እኔው ነኝ። ምዕራፉን አልጨመርኩም።

በምትኩ ፊደል ቆጠርኩ። የሁለቱ አገሮች ብዙ ሰነድ በሩሲያ ፊደል ነው የተጻፈው። በመስመሩ መጨረሻ የምናርፍባትን አጭር ጊዜ፣ ሰቨን ሲስተርስ ጣቢያ አጠገብ አውቶቡሴን አቁሜ፣ መሪው ላይ ወረቀት ዘርግቼ አንድ በአንድ ለየሁት። ክረምቱ ሲያልቅ የመንደሮቹን ስም ከካርታ ላይ ማንበብ ቻልኩ። ረዘም ያለውን ጽሑፍ በመዝገበ ቃላት እየታገልኩ፣ ሲያቅተኝ ትርጉሙን እየፈለግኩ አነበብኩት። የጥያቄዬንም መልስ አገኘሁት፤ ቢያንስ ግማሹን። መልሱን የሚፈልግ መመረቂያዬን ያንብብ።

ከክፍል ጓደኞቼ ጋር ብዙ አልገጠምኩም፤ አንዱ ግን ወዳጄ ሆነ። ሠላሳዎቹ ውስጥ ያለ፣ ቅን እንግሊዛዊ ነው። እሱ የጻፈው ስለ ኢትዮጵያና ስለ ጎረቤቶቿ የውሃ ፖለቲካ ነበር፤ አዎ፣ ለኔ የታሰበውን ምዕራፍ ነው የጻፈው። አዲስ አበባ ስድስት ሳምንት ቆይቷል። አማርኛም ጀምሯል። አንድ ቀን፣ "የአማርኛ ቃላቱን ቼክ አድርጊልኝ" ብሎ ረቂቁን ሰጠኝ። ውሃ ማለት ያለበት ቦታ ሁሉ ውሻ ብሎ ጽፏል። የዓባይ ውሻ፣ የውሻ ክፍፍል፣ ፍትሐዊ የውሻ አጠቃቀም። እንባዬ እስኪወርድ ሳቅሁ፤ ስነግረው እሱም አብሮኝ ሳቀ። አንድ በአንድ አረምኩለት።

ውጤት የወጣ ሰሞን ካሌዶኒያን ሮድ ላይ ባለች አንዲት ካፌ ተገናኘን። ሁለታችንም አልፈናል። የሁለታችንም አማካሪና ፈታኝ አንድ ሰው ስለነበሩ ደስታችንን አስተያየታቸውን እያነበብን ልናከብር ወረቀታችንን ይዘን መጥተናል። ስለኔ የጻፉት ጥሩ ነበር፤ በጥንቃቄ የተሠራ፣ ጥያቄው አዲስ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ግን እንዲህ ይላል፦ "ጸሐፊዋ ከአካባቢው ያላት ርቀት የጥናቱ ዋነኛ ውስንነት ነው።"

የወዳጄን ወረቀት ወደኔ ሳብኩና የመጨረሻውን መስመር ፈለግኩ። "ከአካባቢው ውጭ ያለ ተመራማሪ በመሆኑ ሚዛናዊ ዕይታ አምጥቷል" ይላል።

ደግሜ አነበብኩት። የኔ ርቀት ውስንነት ነው፤ የሱ ርቀት ሚዛን ነው። ወዳጄ በትከሻዬ በኩል አብሮኝ አነበበና ፊቱ ቀላ። "ውሰጂው፤ ለአማካሪያችን አሳዪው" አለኝ፤ ወረቀቱን ሳልጠይቀው እጄ ላይ አደረገው።

በእንግሊዝኛ አንተም አንቱም አንድ ቃል ነው። እኔ ግን እስከዚያ ቀን ድረስ አማካሪዬን በሆዴ አንቱ እያልኩ ነበር፤ መምህር ነዋ፣ በዕድሜ ቢያንስም። እዚያች ካፌ ውስጥ ከአንቱታ አወረድኩት። እሱ እስከ ዛሬ አያውቅም።

በማግስቱ ከጠዋት ፈረቃዬ እንደወጣሁ፣ የሥራ ልብሴን ሳልቀይር፣ ሁለቱን ወረቀቶች ይዤ ቢሮው ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው።

"እኔ ለኡዝቤኪስታን ሩቅ ከሆንኩ፣ እሱ ለኢትዮጵያ ምኗ ነው?" አልኩት።

ወደ ወረቀቶቹ አላየም። ማርክ ላስጨምር የመጣሁ መስሎታል። "ውጤትዎ እኮ በጣም ጥሩ ነው። ይቺ ዓረፍተ ነገር ኖረች አልኖረች አይለወጥም። ምን ያስጨንቅዎታል?" አለኝ በዚያ ዝቅ ባለ ድምፁ።

"ማርክ አልጠየቅኩህም። የጠየቅኩህ ርቀት በምን እንደሚለካ ነው። በኪሎ ሜትር ከሆነ እሱም እኔም ሩቅ ነን። በቋንቋ ከሆነ እኔ ፊደሉን በሃምሳ ዓመቴ ቆጥሬ አንብቤአለሁ። ሌላ መለኪያ ካለህ ንገረኝና ልታረም።"

የውሻው ነገር አፌ ላይ መጥቶ ነበር። ዋጥኩት፤ ወዳጄ አልበደለኝም።

አሁን አነበበ። መጀመሪያ የኔን፣ ከዚያ የሱን፣ ከዚያ እንደገና የኔን። መነጽሩን አወለቀ። እንዳልለዝብ ከራሴ ጋር እየታገልኩ ነበር። ሰው ሲያፍር ሳይ ማባበል ይቀናኛል፤ ያን ቀን ግን አላባበልኩም።

"ልብ አላልኩትም" አለ በመጨረሻ።

"አውቃለሁ። ልብ እንድትል ነው የመጣሁት።"

ዓረፍተ ነገሩ እንዲወጣ ለሁለተኛው ፈታኝ ነገ ኢሜይል እጽፋለሁ አለኝና ሊሸኘኝ ተነሣ፤ እጁ በሩ እጀታ ላይ ደረሰ።

"አሁን ጻፈው" አልኩትና ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። "እጠብቃለሁ።"