የሚስ ዶሪን ምንጣፍ

ባለፈው ሳምንት ከአገር ርቀን ስካርቦሮ በምንኖርበት ሕንፃ ሊፍት ውስጥ ዝናብ የመታው ውሻ ገባ። ባለቤቱ ይቅርታ ጠየቀኝ። እኔ ግን ሽታው ይዞኝ ሄዶ ነበርና መውረጃዬን አልፌ ሁለት ፎቅ ወጣሁ። እርጥብ የውሻ ፀጉር ሲሸተኝ የእጅ ማጽጃ አልኮል፣ በአጠገቤ ባይኖርም እንኳ፣ አብሮ ይሸተኛል።

የዛሬ ዘጠኝ ዓመት፣ ሆስፒታል ውስጥ፣ አምስት ነበርን፣ ውሻውን ከቆጠርን። ኩላሊቷን የታመመችው ልጄ ሊያ፣ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነው። ባለቤቴ ጽጌ። ሚስ ዶሪን፣ ሥራዋ ሆስፒታል የተኙ ልጆችን ማጫወት የሆነ፣ ወላጆቿ ከጃማይካ የመጡ፣ ወደ ስድሳ የተጠጋች ሴት። ብስኩት፣ ከእሷ ጋር ለዚሁ ሥራ የሠለጠነ፣ ሰማያዊ ሰደርያ የሚለብስ ቢጫ ውሻ። አምስተኛው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የእኔ ነው።

በእኛ ዘንድ ለበሽተኛ በሽታው አይነገረውም። አባቴ በካንሰር የሞተው ሁላችንም «ጨጓራ ነው» እያልነው ነው፤ ደግነት መስሎን። እኔም በመጀመሪያው ኦፕሬሽኗ ቀን ማለዳ ሊያን በመኪና ወደ ሆስፒታሉ ስወስዳት «ፎቶ ብቻ ነው የምትነሺው» አልኳት። ከሰዓት በኋላ ጎኗ ተሰፍቶ፣ ቱቦ ገብቶላት ነቃች። አየችኝ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ከዚያ ወዲያ አንድ ቃል አልተነፈሰችልኝም። ነርስ ሲጠጋት ኮሪደሩ እስኪሰማ ትጮኻለች፤ ቱቦውን ሁለት ጊዜ ነቀለችው። ሁለተኛው ኦፕሬሽን ደግሞ ለአሥረኛው ቀን ተቀጥሮ ነበር። «እንዲህ እየታገለች ቁስሉ አይድንም» አለኝ ሐኪሙ።

ሚስ ዶሪን የፈቃድ ወረቀት ይዛ መጣች። «ዳድ፣ ብስኩት አልጋዋ ላይ ይውጣ?» አለችኝ። እዚያ አባትን ሁሉ እንዲህ ነው የሚጠሩት። አይሆንም አልኩ። ውሻ የነካው ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም ተብዬ ነው ያደግሁት፤ ጽጌ ማታ ማታ ጠበል የምትረጫት ልጅ ላይ ውሻ ሊተኛ!

አልተከራከረችኝም። «እሺ ዳድ፣ እኛ በር ላይ እንቀመጣለን» ብላ ምንጣፏን ደፉ ላይ ዘረጋች። በየማለዳው ለባቡር መንገድ ተቆፍሮ ለዓመታት ከታጠረው ሰፈር፣ ከኤግሊንተን ዌስት ትመጣለች፣ ትቀመጣለች። «ያንን ባቡር የልጅ ልጆቼ ይሳፈሩበት ይሆናል፤ እኔ በአጥሩ ዙሪያ ስዞር አረጀሁ» ትላለች ለነርሶቹ።

እኔ መቀመጥ አቃተኝ። እጄን እታጠባለሁ፣ ኮሪደሩን እለካለሁ፣ ተመልሼ እታጠባለሁ። የተማርኩት እስከ ሰባተኛ ክፍል ነው፤ የቀረውን ከመዝገበ ቃላት ለቅሜ አግኝቻለሁ። ስለ ኩላሊት ያላነበብኩት አልነበረም። ለልጄ የምነግራት ግን አጣሁ።

በስድስተኛው ቀን ከኮሪደሩ ስመለስ ሊያ ከአልጋዋ ወርዳ ምንጣፉ ላይ ነበረች። ሚስ ዶሪን ፊት ያልተሳለበት የጨርቅ አሻንጉሊትና መርፌው የወለቀ ሲሪንጅ ሰጥታታለች። ሊያ ሲሪንጁን አሻንጉሊቱ ጎን ላይ ተጫነችና ድምፅዋን አወፍራ፣ በእኔ ድምፅ፣ «ፎቶ ብቻ ነው፣ ኦኬ? ዶንት ክራይ፣ አታልቅሺ» አለች። ደገመችው። ሦስተኛም ወጋችው። በእጄ የያዝኩት ሻይ ቀዘቀዘ።

ጽጌ እጄን ይዛ ወደ ኮሪደሩ አወጣችኝ። «ውሻ አልነካህም» አለችኝ። «ልጅህን ግን አታለሃታል። አሁን ንጹሕ ነህ?»

በዘጠነኛው ቀን የፈቃዱን ወረቀት ፈረምኩ። ጉልበቴ እየተንቋቋ ምንጣፉ ላይ ሊያ አጠገብ ተቀመጥኩ፤ ብስኩት አገጩን ጫማዬ ላይ ጣለ። ሚስ ዶሪን የውሻውን መዳፍ በፋሻ ጠቀለለችለት፤ ሳይታገል አስጠቀለለ። ከዚያ አሻንጉሊቱን አቀበለችኝ። «ተራው የአንተ ነው፣ ዳድ።»

ለአሻንጉሊቱ ነገርኩት። «ነገ ጎንሽን እንደገና ይከፍቱታል። ስትነቂ ያማል። ባለፈው ዋሽቼሻለሁ።»

ሊያ ጣቶቿን ውሻው ፀጉር ውስጥ ቀብራ፣ ሳታየኝ፣ «ሃው ማች? ምን ያህል?» አለች።

ሚስ ዶሪንን አየኋት፤ አላገዘችኝም። «ብዙ» አልኩ። «የመጀመሪያው ቀን ብዙ ያማል። ከዚያ እየቀነሰ ይሄዳል።»

«ትተኸኝ ትሄዳለህ?»

«አልሄድም።»

በማግስቱ አሻንጉሊቱን አቅፋ፣ ብስኩት ከአልጋዋ ጎን እየሄደ፣ እስከ ኦፕሬሽን ክፍሉ በር ሳትጮኽ ደረሰች። በዚያ እሑድ እኔ ቅዳሴውን ከደጅ ቆሜ ሰማሁ፤ ሱሪዬ ላይ ቢጫ ፀጉር ነበር፤ አላራገፍኩትም።

ሊያ አሁን አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሚስ ዶሪን ጡረታ ወጣች፤ ብስኩትም ሞቷል። አሻንጉሊቱ ጎኑ ላይ ፕላስተር እንደተለጠፈበት የልጄ መሳቢያ ውስጥ አለ። በቀደም ለራሴ ሕመም ሐኪም ቤት ደርሼ ስመለስ ሊያ በሩ ላይ ጠበቀችኝ። «ሃው ማች?» አለችኝ። ነገርኳት።

ልጅን መዋሸት ርኅራኄ የሚመስለው ወላጅ ይህን ያስብ። እኔ ዋሽቼ ያገኘሁት ልጄ ከኋላ ወንበር እየዘፈነች የሄደችበትን የአንድ ማለዳ መንገድ ነው። ሁላችንንም ያስከፈለን ዘጠኝ ቀን ነው።