አጎቴ የሌሉበት ስብሰባ

አጎቴ ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ወንጂ በሸንኮራ ሥራ ያረጁ ሰው ነበሩ። ናዝሬት ባለው ኮሌጅ አማካሪ ምክር ቤትም የሠራተኛው ተወካይ ሆነው ያለ ክፍያ አገልግለዋል። እኔ የኮሌጁ ታይፒስት ስለሆንኩ ቃለ ጉባኤውን እይዝ ነበር።

ሰብሳቢው በየስብሰባው የሸንኮራ ሠራተኞች የሚማሩበት የማታ ክፍል እንዲዘጋ ሐሳብ ያቀርባሉ። አጎቴ ባርኔጣቸውን ወንበሩ ላይ ትተው ይነሡና፣ «ጓድ ሊቀ መንበር፣ እኔ አልስማማም» ይላሉ። ሌላው አንገቱን ይደፋል። የሠራተኛው ተወካይ እየተቃወመ የሠራተኛውን ክፍል መዝጋት ስለሚያሳፍር፣ ነገሩ ለሚቀጥለው ጊዜ ይተላለፋል።

አንድ ቀን ፈርቼ፣ «ጋሼ፣ ቢተዉትስ? ሰው እየታሰረ ነው» አልኳቸው።

«እኔ ዝም ካልኩ ሁሉም ተስማማ ብለሽ ልትጽፊ ነው፣ ልጄ» አሉኝ።

ከቀብራቸው በኋላ በተደረገው ስብሰባ ሰብሳቢው መጀመሪያ የሕሊና ጸሎት አስደረጉ። ቀጥለው ያንኑ ሐሳብ አቀረቡ። «ተቃውሞ አለ?» ሲሉ ማንም አልተነፈሰም። እኔ ድምፅ የለኝም፤ ቢኖረኝም እጄን ማንሣቴን እጠራጠራለሁ። «በሙሉ ድምፅ ተወሰነ» ብዬ ጻፍኩ።

ሰኞ ከወንጂ የመጡ ሠራተኞች ለመመዝገብ በሩ ላይ ተሰለፉ። አንድ ጎልማሳ የለጠፍኩትን ማስታወቂያ ቀስ ብሎ፣ ፊደል እየቆጠረ አነበበ።

«እሳቸው ቢኖሩ ይኼ አይሆንም ነበር» አለኝ።

ደብተሩን አጥፎ ኮቱ ውስጥ ከተተና ወደ መናኸሪያው አቀና። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሉት።